ስም ይወጣል ከቤት፦ “ሽብርተኛ” የሚለው ቃልና የሙስሊሙ ሸክም ከአዲስ አበባ እስከ ኮሎምበስ

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 28 ቀን 2016 ሰኞ ጠዋት ነበር። የታንክስጊቪንግ በዓል አልፎ ተማሪው ወደ ትምህርቱ በተመለሰበት በዚያ ዕለት፣ በኮሎምበስ ከተማ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ አንድ መኪና ከአስፋልቱ ወጥቶ በአንድ የትምህርት ሕንፃ ደጃፍ ቆመው የነበሩትን ሰዎች ገጨ። ነጂው ከመኪናው ወርዶ በያዘው ትልቅ ቢላዋ ያገኘውን ሰው ይወጋ ጀመር። አንድ የዩኒቨርሲቲው ፖሊስ ተኩሶ እስኪጥለው ድረስ ያለፈው ጊዜ ደቂቃዎች ብቻ ነበሩ። ከአሥር በላይ ሰዎች ቆሰሉ፤ ከአጥቂው በቀር ግን ሕይወቱ ያለፈ ሰው አልነበረም።

አጥቂው የዚያው ዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት ከቤተሰቡ ጋር በስደተኛነት ከፓኪስታን ወደ አሜሪካ የገባ የሶማሌ ተወላጅና ሙስሊም ነው። ማንነቱ በታወቀ ጊዜ የከተማው ወሬ መልኩን ለወጠ። ጠዋት “ማን አደረገው?” ይባል የነበረው፣ ማታ ላይ “እነማን ናቸው?” ወደሚል ዞረ። የሶማሌ ማኅበረሰብ መሪዎችና የመስጊድ አባቶች በዚያው ዕለት በጋዜጠኞች ፊት ቀርበው ድርጊቱን አወገዙ። ስለ አንድ ወጣት ሥራ በብዙ ሺህ ለሚቆጠር ሕዝብ መልስ መስጠት ነበረባቸው።

በዚህ ታሪክ ውስጥ አንድ የሚያሳዝን ነገር አለ። ይኸው ወጣት ከጥቃቱ ሦስት ወር ቀደም ብሎ ለዩኒቨርሲቲው የተማሪዎች ጋዜጣ ቃለ መጠይቅ ሰጥቶ ነበር። በግቢው ውስጥ የሚሰግድበት ቦታ ማጣቱን፣ በአደባባይ እንዳይሰግድ ደግሞ ሰዎች በመገናኛ ብዙኃን ስለ ሙስሊም የሰሙትን አስበው ምን ይሉኛል ብሎ እንደሚፈራ ተናግሯል። የፈራው ነገር እውነት ነበር። ይሁንና በገዛ እጁ ያንን ፍርሃት በሌሎች ሙስሊሞች ላይ አሥር እጥፍ አድርጎ ጫነው። ከእርሱ በኋላ በዚያ ግቢ ለሶላት የሚቆም ተማሪ ሁሉ የእርሱን ዕዳ ይከፍላል።

ነገሩ ኢትዮጵያውያንን የሚመለከተው በሩቁ አይደለም። ኮሎምበስ በአሜሪካ ከሚኒያፖሊስ ቀጥሎ ብዙ ሶማሌዎች የሚኖሩባት ከተማ ናት። በክሊቭላንድ አቬኑና በሞርስ ሮድ አካባቢ ኢትዮጵያዊው፣ ኤርትራዊውና ሶማሌው በአንድ ሕንፃ ይከራያሉ፣ በአንድ መጋዘን ይሠራሉ፣ ልጆቻቸውን በአንድ ትምህርት ቤት ያስተምራሉ። ለፈረንጁ ዓይን መልካቸውም አንድ ነው። ስለዚህ ክፉ ወሬ በተሰማ ቁጥር አንዳንዱ ሐበሻ ቶሎ ብሎ “እኔ ሶማሌ አይደለሁም፤ ኢትዮጵያዊ ነኝ፤ ኢትዮጵያ የክርስቲያን አገር ናት” ይላል። መልሱ ለጊዜው ያስጥላል። ነገር ግን በ1999 ዓ.ም. በተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ ከኢትዮጵያ ሕዝብ 33.9 በመቶው ሙስሊም ነው፤ የጅግጅጋውም፣ የጎዴውም ሶማሌ ኢትዮጵያዊ ነው። እንግዲህ ያ መልስ ከሦስቱ ወንድሞች አንዱን ከቤት አስወጥቶ በር የመዝጋት ያህል ነው።

“ስም ይወጣል ከቤት፣ ይከተላል ጎረቤት” ይባላል። “ሽብርተኛ” የሚለው ስም ከየትኛው ቤት ወጣ? በማንስ ላይ ተለጠፈ? የጎረቤትን አፍ ከመክሰስ በፊት የቃሉን ታሪክ መመርመር ይገባል።

ቀይና ነጭ

አማርኛ ተናጋሪ ሁሉ “ሽብር” የሚለውን ቃል የፖለቲካ ቃል አድርጎ የተማረው ከየትኛውም ሃይማኖት አይደለም። ሽብር በኢትዮጵያ የታወቀው በቀለሙ ነው። በ1969 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም በአብዮት አደባባይ ቀይ ፈሳሽ የተሞሉ ጠርሙሶች ከሰከሱ። ከዚያ ወዲያ በተለይ በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. የተደረገውን አዲስ አበባ አልረሳችውም። ደርግ ተቃዋሚዎቹን፣ በተለይም ኢሕአፓን፣ “ነጭ ሽብር ነዢዎች” አላቸው፤ የራሱን ግድያ ደግሞ “ቀይ ሽብር” ብሎ በኩራት ሰየመው። የወጣቶች ሬሳ በየመንገዱ ዳር ተጥሎ ያደረ ጊዜ፣ ወላጅ ልጁን ለመቅበር የከለከሉት ጊዜ ነበር።

በዚያ ዘመን ሽብርተኛ የተባለው ልጅ የቄስም የሼህም ልጅ ነበር። ገዳዩም እንዲሁ። የቀበሌ አብዮት ጥበቃ ቤት ሲበረብር ማተብም ሆነ ሙስባሃ አላየም። በኋላ በ2002 ዓ.ም. በመስቀል አደባባይ ጥግ የተከፈተው የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ግድግዳ ላይ የተሰቀሉትን ፎቶግራፎችና ስሞች ያነበበ ሰው የሁለቱንም ሃይማኖት ስሞች ጎን ለጎን ያገኛል። ዛሬ በአሜሪካ ከተሞች ከሚኖሩት አንጋፋ ኢትዮጵያውያን ብዙዎቹ በሱዳን በኩል አድርገው የወጡት ከዚያ ሽብር ሸሽተው ነው።

ከዚህ ታሪክ የሚገኘው ትምህርት ቀላል ነው። ኢትዮጵያዊ በሕይወቱ ያየው ትልቁ ሽብር የመንግሥት ሥራ ነበር። “ሽብርተኛ” የሚለውንም ስም ማን ለማን እንደሚሰጠው፣ ስሙ ከተሰጠ በኋላም ጠያቂ እንደማይኖር በዓይኑ አይቷል። ይህንን ያየ ሕዝብ ቃሉን ከማንም ሕዝብ ይልቅ ተጠንቅቆ ሊጠቀምበት በተገባ ነበር።

ኦክላሆማ 1995

በአሜሪካ ቃሉ መልክ የያዘው በዝግታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 በቴህራን የአሜሪካ ኤምባሲ ሠራተኞች ሲታገቱ፣ ቴሌቪዥን ለ444 ቀን ጢም ያለውን ሰው ከቁጣ ጋር አያይዞ አሳየ። እ.ኤ.አ. ፌብሩዋሪ 26 ቀን 1993 በኒውዮርክ የዓለም ንግድ ማዕከል ሕንፃ ሥር ቦምብ ፈንድቶ ስድስት ሰዎች ሲሞቱ፣ የተያዙት ሰዎች በእርግጥ ሙስሊሞች ነበሩ። ምስሉ ከዚያ በኋላ ተዘጋጅቶ ይጠብቅ ጀመር።

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 19 ቀን 1995 በኦክላሆማ ሲቲ የፌዴራል መንግሥት ሕንፃ በቦምብ ፈረሰ። 168 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነርሱ 19ኙ ሕፃናት ነበሩ። ከፍርስራሹ አቧራው ሳይረግፍ በቴሌቪዥን የቀረቡ አዋቂ ነን ባዮች የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች ሥራ እንደሚመስል ተናገሩ። የአረብ ተወላጅ የሆነ አንድ አሜሪካዊ በአውሮፕላን ሲጓዝ ተይዞ ተመረመረ። በልዩ ልዩ ከተማ መስጊዶች ዛቻ ደረሳቸው። ሁለት ቀን ሳይሞላ ግን ተጠርጣሪው ታወቀ፦ በአሜሪካ ምድር ተወልዶ ያደገ፣ በባሕረ ሰላጤው ጦርነት የተሸለመ የቀድሞ ወታደር፣ ቲሞቲ ማክቬይ። በ2001 የሞት ቅጣት ተፈጸመበት።

ማክቬይ ከተያዘ በኋላ ነጭ ወጣቶች ሁሉ ወይም የቀድሞ ወታደሮች ሁሉ ስለ እርሱ ይቅርታ ጠይቁ አልተባሉም። ይህ ትክክል ነበር፤ የአንድ ሰው ወንጀል የአንድ ሰው ነውና። ችግሩ ያው ሚዛን ለሌላው አለመሠራቱ ነው። እንዲያውም በማግሥቱ ዓመት የወጣው የፀረ ሽብር ሕግ ከአንቀጾቹ ብዙዎቹ የተጻፉት በስደተኛው ላይ ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ከተከተለው የኢሚግሬሽን ሕግ ጋር ሆኖ፣ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ቀድሞ በፈጸመው ወንጀል ወደ አገሩ የሚመለስበትን መንገድ አሰፋ፤ ዳኛ አይቶ የሚምርበትንም በር አጠበበ። ቦምቡን ያፈነዳው ተወላጅ ሆኖ ሳለ ሕጉ የከበደው በመጤው ላይ ነው። የአማርኛው ተረት ይህንን “አህያውን ፈርቶ ዳውላውን” ይለዋል።

የሐዋላው ቤት

እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 አሥራ ዘጠኝ የአልቃይዳ ሰዎች አውሮፕላኖች ጠልፈው 2,977 ሰዎች ገደሉ። ከሞቱት መካከል የብዙ አገር ሰዎችና ሙስሊሞችም ነበሩ። ሐዘኑ የሁሉም ነበር፤ ጥርጣሬው ግን ለአንድ ወገን ብቻ ተለየ። በኤፍ.ቢ.አይ. መዝገብ በ2000 ዓመት በሙስሊሞች ላይ የተፈጸሙ የጥላቻ ወንጀሎች 28 ነበሩ፤ በ2001 ቁጥሩ 481 ደረሰ። ከጥቃቱ በአራተኛው ቀን በአሪዞና አንድ ባለ ነዳጅ ማደያ በጥምጣሙ የተነሣ ተገደለ። ባልቢር ሲንግ ሶዲ የሚባለው ይህ ሰው የሲክ እምነት ተከታይ እንጂ ሙስሊም አልነበረም። ገዳዩ የተኮሰው በልቡ በያዘው ሥዕል ላይ ነው። ሥዕል ደግሞ መታወቂያ አይጠይቅም።

በኮሎምበስም በዚያው ዓመት ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ሌቦች ያልሆኑ ሰዎች ወደ አንድ የእስልምና ማዕከል ሰብረው ገቡ። የውኃ ቧንቧ ነቅለው ሕንፃውን አጥለቀለቁ፣ የቁርኣን ገጾችንም ቀደዱ።

ከዚህ ይልቅ ብዙ ቤት የነካው ግን የሐዋላው ጉዳይ ነው። መንግሥት በፈረሰባት ሶማሊያ ባንክ አልነበረም፤ በኮሎምበስ ዶሮ ቤትና መጋዘን የሚሠራ ሰው ለእናቱ ሃምሳና መቶ ዶላር የሚልከው በሐዋላ ቤቶች በኩል ነበር። ከእነዚህ ትልቁ አል ባረካት ይባላል። እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 7 ቀን 2001 የአሜሪካ መንግሥት ድርጅቱን የሽብርተኞች ገንዘብ አስተላላፊ ብሎ በልዩ ልዩ ከተሞች የነበሩትን ቢሮዎቹን ዘጋ፤ በኮሎምበስ የነበረው ቢሮም ከተዘጉት አንዱ ነበር። በመንገድ ላይ የነበረ የሰው ገንዘብ ታገደ። በሞቃዲሾና በሐርጌሳ ወር ጠብቀው የሚኖሩ ሽማግሌዎች ባዶ እጃቸውን ቀሩ።

እ.ኤ.አ. በ2004 የሴፕቴምበር 11 መርማሪ ኮሚሽን ባልደረቦች ያወጡት ጥናት እንደሚያስረዳው፣ ብዙ ምርመራ ተደርጎም ድርጅቱ ለአልቃይዳ ገንዘብ ማስተላለፉን የሚያረጋግጥ ማስረጃ አልተገኘም። ክሱ ዓለም ሁሉ በሰማበት በቴሌቪዥን ተነገረ፤ ማስረጃ መጥፋቱ ግን ጥቂቶች ባነበቡት ጥናት ውስጥ ቀረ። ለእናቱ ገንዘብ የላከ ኢትዮጵያዊ ይህ ምን ማለት እንደሆነ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

በቀጣዩ ዓመት ደግሞ ልዩ ምዝገባ የሚባለው መጣ። ከ25 አገሮች የመጡ፣ ዕድሜያቸው ከ16 ዓመት በላይ የሆነ፣ የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው ወንዶች ኢሚግሬሽን ቢሮ ቀርበው ፎቶግራፍና አሻራ እንዲሰጡ ታዘዙ። ከሰሜን ኮሪያ በቀር ሁሉም ሙስሊም በብዛት የሚኖርባቸው አገሮች ነበሩ፤ ሶማሊያ፣ ሱዳንና ኤርትራም ይገኙባቸዋል። ዝርዝሩ የሚያየው ፓስፖርት ስለሆነ በአሥመራ ኪዳነ ምሕረት የተጠመቀው ክርስቲያንም ለምዝገባ ተሰለፈ። ከ80,000 በላይ ሰዎች ተመዘገቡ፤ ከ13,000 በላይ የሚሆኑት ላይ የማባረር ክስ ተከፈተ። በሽብር የተፈረደበት ግን ከምዝገባው አልተገኘም። ሥርዓቱ በ2011 ቆመ፣ በ2016 መጨረሻ ደንቡ ተሰረዘ።

እውነት ሚዛን ይፈልጋልና የሌላው ወገንም መነገር አለበት። በኮሎምበስ ውስጥ የተያዙና ጥፋታቸውን በፍርድ ቤት ያመኑ ሰዎች አሉ። የጭነት መኪና ሾፌር የነበረው ኢማን ፋሪስ እ.ኤ.አ. በ2003 አልቃይዳን መርዳቱን አምኖ 20 ዓመት ተፈረደበት። የሶማሌው ተወላጅ ኑረዲን አብዲ በዚያው ዓመት ተይዞ፣ በ2007 ለሽብርተኞች ድጋፍ ለመስጠት ማሴሩን አምኖ 10 ዓመት ተፈረደበት። አቃቤ ሕግ ይህ ሰው ለወታደራዊ ሥልጠና ወደ ኦጋዴን ሊሄድ አስቦ እንደነበር በክሱ ጠቅሶ ነበር። እነዚህ ተረት አይደሉም። የሚጠየቀው፣ እንዲህ ያሉ ሁለት ወይም ሦስት ሰዎች ማለዳ ተነሥቶ አውቶቡስ የሚነዳውን፣ በሆስፒታል ሌሊቱን የሚያድረውን፣ የቤት ብድሩን የሚከፍለውን በብዙ ሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ይወክላሉ ወይ የሚለው ነው። ለማክቬይ የተሠራው ሚዛን እዚህም ይሠራ ከተባለ መልሱ ግልጽ ነው።

በአገር ቤት

ኢትዮጵያዊ የአሜሪካን ጥፋት ብቻ ቆጥሮ ቢያቆም ግማሹን መተው ይሆናል። በአገር ቤትም ለሙስሊሙ የተዘጋጀ ሥዕል ነበር። የኢማም አሕመድ ኢብራሂም ጦርነት ከ1521 እስከ 1535 ዓ.ም. ብዙ አብያተ ክርስቲያናትን አቃጠለ፤ ያ ቁስል “የግራኝ ዘመን” ተብሎ በክርስቲያኑ ልብ ቀረ። በሙስሊሙ በኩል ደግሞ የ1870 ዓ.ም. የቦሩ ሜዳ ጉባኤና ተከትሎት የመጣው የዐፄ ዮሐንስ ትእዛዝ አለ፤ የወሎ ሙስሊም ተጠመቅ አለዚያ ሹመትህንና ርስትህን ልቀቅ የተባለበት። ሼህ ጠልሃን የመሰሉ መሪዎች በመቃወም ተነሡ፤ ብዙ ሰውም አገሩን ጥሎ ተሰደደ። አንዱ ወገን ስለ ግራኝ ያስተምራል፣ ሌላው ስለ ቦሩ ሜዳ ይተርካል፤ ሁለቱን በአንድ መጽሐፍ ያነበበ ልጅ ግን ጥቂት ነው።

ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም. ከሥልጣን ሲወርዱ ዋናው ክስ ሰልመዋል የሚል ነበር። ሙስሊም መሆን ሳይሆን ሙስሊምን መቅረብ ብቻ ዙፋን ያሳጣ ነበር ማለት ነው። “የክርስቲያን ደሴት” የሚለው አነጋገር በቆየበት ዘመን ሁሉ ሙስሊሙ “በኢትዮጵያ የሚኖሩ እስላሞች” እየተባለ በገዛ አገሩ እንደ እንግዳ ይጠራ ነበር። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ወደ መቶ ሺህ የተገመተ ሕዝብ ሰልፍ ወጥቶ የሃይማኖት እኩልነት ጠየቀ። በሰልፉ ላይ ክርስቲያኖችም ነበሩበት። በ1967 ዓ.ም. ኢድ አልፈጥር፣ ዐረፋና መውሊድ የሕዝብ በዓላት ሆኑ።

ከዚያ ሽብር በአዲስ መልክ መጣ። ሰኔ 19 ቀን 1987 ዓ.ም. የግብፁ ፕሬዚዳንት ሆስኒ ሙባረክ ለአፍሪካ አንድነት ድርጅት ስብሰባ አዲስ አበባ እንደገቡ በቦሌ መንገድ ተተኮሰባቸው። አጥቂዎቹ ከግብፅ የመጡ የአንድ አክራሪ ቡድን ሰዎች ነበሩ። በ1988 ዓ.ም. ጥር ወር በግዮን ሆቴል ቦምብ ፈነዳ፤ ከሶማሊያ የተነሣው አል ኢትሐድ አል ኢስላሚያ ኃላፊነቱን ወሰደ። በዚያው ዓመት ሐምሌ ወር የትራንስፖርትና መገናኛ ሚኒስትሩ ዶክተር አብዱልመጂድ ሁሴን በአዲስ አበባ በጥይት ተመትተው ቆሰሉ። እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ይበል። ዶክተር አብዱልመጂድ ሙስሊምና ሶማሌ ነበሩ። ያቆሰላቸው ቡድን በእስልምና ስም የሚምል ነው። የቡድኑ ጥይት የፈለገው ከኢትዮጵያ ጋር አብሮ መኖርን የመረጠውን ሙስሊም ነበር። ይህ በሶማሊያም በሌላውም ቦታ ሲደጋገም የታየ ነው፤ ከእንዲህ ያሉ ቡድኖች እጅ ብዙ ደም የፈሰሰው ሙስሊም ነው።

በነሐሴ 2001 ዓ.ም. የፀረ ሽብርተኝነት አዋጅ ቁጥር 652 ወጣ። በ2004 ዓ.ም. የአወልያ ተማሪዎች መንግሥት በሃይማኖታችን ውስጥ ገባ ብለው ተቃውሞ ሲጀምሩ፣ “ድምፃችን ይሰማ” የተባለው እንቅስቃሴ በየዓርቡ በታላቁ አንዋር መስጊድ ዙሪያ ተሰባሰበ። ሰልፈኛው እጆቹን እንደ ታሰረ ሰው አጣምሮ በዝምታ የሚቆምበት ጊዜ ነበር። ሕዝቡ የወከላቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ ወር ታሰሩ፤ ክሱም በፀረ ሽብር አዋጁ ሆነ። ጉዳያቸው በፍርድ ቤት ገና እየታየ ሳለ በጥር 2005 ዓ.ም. መጨረሻ የመንግሥቱ ቴሌቪዥን “ጂሃዳዊ ሐረካት” የተሰኘ ፊልም አሳየ። ዳኛው ሳይፈርድ ቴሌቪዥኑ ፈረደ። ሐምሌ 27 ቀን 2007 ዓ.ም. አሥራ ስምንት ሰዎች ከ7 እስከ 22 ዓመት ተፈረደባቸው፤ ከእነርሱም አቡበከር አሕመድ፣ አሕመዲን ጀበል፣ ያሲን ኑሩና ካሚል ሸምሱ 22 ዓመት ተቆረጠባቸው። እስከ 2010 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሁሉም ተፈቱ።

በዚያው አዋጅ ግን የታሰረው ሙስሊሙ ብቻ አልነበረም። ጋዜጠኛ እስክንድር ነጋ 18 ዓመት ተፈርዶበታል፤ ርዕዮት ዓለሙም፣ የዞን ዘጠኝ ወጣቶችም በዚሁ አዋጅ ተከሰዋል። ጎረቤት ስሙን ሰምቶ “ለእነርሱ ነው” ብሎ ዝም ባለበት ዓመት፣ ያው ስም ሌላ በር ያንኳኳ ነበር። አዋጁ በ2012 ዓ.ም. በሌላ ተተካ።

አንድ ሐዘን

ሚያዝያ 11 ቀን 2007 ዓ.ም. አይሲስ የተባለው ቡድን በሊቢያ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ ኢትዮጵያውያን ክርስቲያኖችን ሲገድል የሚያሳይ ፊልም አወጣ። አገሪቱ የሦስት ቀን ብሔራዊ ሐዘን አወጀች። የሞቱት እንጀራ ፍለጋ በረሃ ያቋረጡ ወጣቶች ነበሩ። የኢትዮጵያ ሙስሊሞች ምክር ቤት ድርጊቱን አወገዘ፤ በሐዘን ድንኳኖችም ሙስሊም ጎረቤት ከክርስቲያን ጎረቤቱ ጋር ተቀምጦ አለቀሰ። ገዳዮቹ ክርስቲያኑንና ሙስሊሙን ለመለየት አስበው ነበር። በሰፈሩ ግን ያ አልሆነም።

ሌላም ጊዜ ደግሞ ሰፈሩ አልቻለም። በ2010 ዓ.ም. ክረምት በጅግጅጋ አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፣ ካህናትም ተገደሉ። በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. በሞጣ መስጊዶች ተቃጠሉ፣ የሙስሊም ሱቆችም ተዘረፉ። በጅግጅጋው ሙስሊሙ ሁሉ፣ በሞጣውም ክርስቲያኑ ሁሉ አይጠየቅም። ይህንን የጎጃም ሰው ስለ ሞጣ በቀላሉ ይረዳዋል፤ ያንኑ ስለ ጅግጅጋ ሲነገረው ግን የሚከብደው ሰው አለ። የሙስሊሙም ችግር በግልባጩ እንዲሁ ነው።

የአክሱሙ ንጉሥ ችሎት

በእስልምና ታሪክ የመጀመሪያው ስደት ወደ ኢትዮጵያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ615 ገደማ የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ሸሽተው ወደ አክሱም ንጉሥ ግዛት ገቡ። የሙስሊም ጸሐፊዎች እንደሚተርኩት የቁረይሽ መልእክተኞች ስጦታ ይዘው ተከትለው መጡ። ስደተኞቹን የአባቶቻቸውን ሃይማኖት የተዉ አጥፊዎች ናቸው ብለው ከሰሱና ይሰጡን አሉ። ይህ ልመና በዛሬ ቋንቋ አደገኛ ሰዎችን አሳልፎ የመስጠት ጥያቄ ነው። ክርስቲያኑ ንጉሥ ግን ከሳሽ ሲናገር ብቻ ሰምቶ አልፈረደም። ስደተኞቹን አስጠርቶ ጠየቃቸው፤ ጃዕፈር ኢብን አቢጣሊብ ቆሞ መለሰ። ንጉሡ ሰማ፣ ስጦታውን መለሰ፣ እንግዶቹንም አልሰጥም አለ።

ኢትዮጵያውያን ይህንን ታሪክ በየጉባኤው ለጌጥ ያነሡታል። የቻይነት ማስረጃ ተደርጎም ይጠቀሳል። ፍሬ ነገሩ ግን ፍርድ ነው። ንጉሡ ያደረገው አንድ ነገር ነበር፦ ስም የተለጠፈበትን ሰው በስሙ ሳይሆን በቃሉና በሥራው መዘነው። በኋላ በኦክላሆማም፣ በሐዋላው ቤትም፣ በ“ጂሃዳዊ ሐረካት”ም የጎደለው ይኸው ነው።

ተመልሶ ኮሎምበስ

ከዩኒቨርሲቲው ጥቃት ሁለት ወር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 27 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ ሙስሊሞች በብዛት ከሚኖሩባቸው ሰባት አገሮች የሚመጡ ሰዎች እንዳይገቡ አዘዙ። ሶማሊያና ሱዳን ከሰባቱ ነበሩ። ትእዛዙ በ2021 ተሻረ፤ በ2025 ጁን ሌላ ወጣ፣ በዚያኛው ኤርትራም ተጨመረች። በሁለቱም ጊዜ ኢትዮጵያ በዝርዝሩ አልነበረችም። ይሁንና በኮሎምበስ ባሏ ኢትዮጵያዊ፣ እናቷ በካርቱም ወይም በሞቃዲሾ የሆነች ሴት ለዚህ ዝርዝር ባዕድ አይደለችም።

እ.ኤ.አ. በ2024 ከኮሎምበስ በስተ ምዕራብ በምትገኘው በስፕሪንግፊልድ የሃይቲ ስደተኞች የጎረቤት ውሻና ድመት ይበላሉ የሚል ሐሰት ተወራ። ቦምብ ተጠምዷል የሚል ዛቻ መጥቶ ትምህርት ቤቶች ተዘጉ። ሃይቲዎቹ በብዛት ክርስቲያኖች ናቸው። ሐሰቱ ሃይማኖት ሳይመርጥ ቀጣዩን መጤ ፈልጎ አገኘ። ክርስቲያን መሆኑን ተናግሮ ማምለጥ እንደማይቻል ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አይገኝም።

በሌላ በኩል በ2022 ምርጫ ኢስማኤል ሞሐመድና ሙኒራ አብዱላሂ የተባሉ ሁለት የኮሎምበስ ሶማሌዎች ለኦሃዮ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ተመረጡ፤ ሙኒራ በምክር ቤቱ የመጀመሪያዋ ሙስሊም ሴት ሆነች። የመረጧቸው ሶማሌዎች ብቻ አይደሉም። የሰፈሩ ሕዝብ ሰዎቹን አይቶ፣ ጠይቆ፣ ሰምቶ መረጠ።

ስም ከቤት ነው የሚወጣው። በሐበሻ ገበታ ላይ፣ ቡና እየተፈላ፣ ልጆች እየሰሙ “እነዚህ እኮ…” ተብሎ የሚጀመረው ወሬ ውጭ ሲወጣ ከቤቱ ባለቤት ጋር አብሮ ይሄዳል። አሠሪውም፣ ፖሊሱም፣ የአውሮፕላን ጣቢያው ፈታሽም ያንኑ ስም ለባለቤቱ መልሶ ይሰጠዋል። ጎረቤት ሶማሌ ነህ ወይ ብሎ ሲጠይቅ መልሱ “ኢትዮጵያዊ ነኝ” መሆኑ እውነት ነው፤ ኩራትም ነው። “እነርሱ ግን ሽብርተኞች ናቸው” የሚለው ጭማሪ ግን አንድም ቀን ለማንም ጥላ ሆኖ አያውቅም። ያንን ጭማሪ መተው ገንዘብ አያስወጣም፤ ፈቃድ የሚያስጠይቅም አይደለም። የአክሱሙ ንጉሥ ችሎት በዙፋን ብቻ የሚቀመጥ አይደለም፤ እያንዳንዱ ሰው በገበታው ዙሪያ ሊያስችለው ይችላል።